የአልኮል መጠጥ ሽያጭ ሕግ ከቦታ ቦታ ሲለያይ፦ ከወሎ ለሚነሳ ነጋዴና መንገደኛ የማጣሪያ መመሪያ

ወሎ ውስጥ መጠጥን በተመለከተ የተለያየ ልማድ ያላቸው ጎረቤታሞች አብረው ይኖራሉ። በአንድ ሰርግ ቤት ለክርስቲያኑ እንግዳ ጠላና ጠጅ፣ ለሙስሊሙ እንግዳ ቅሪቦ ለየብቻ ተሰናድቶ ይቀርባል፤ የሁለቱም ወገን ተጋባዥ ያለ ቅሬታ በልቶ፣ ጠጥቶና መርቆ ይመለሳል። ይህ መከባበር የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የመጠጥ ጉዳይ በይሉኝታና በሃይማኖት ሥርዓት ብቻ የሚመራ ስለሚመስለው፣ በየስፍራው የተለየ የመንግሥት ሕግ እንዳለበት ሳያስተውል ከቀዬው ይወጣል። ከደሴ ወደ ሚሌ ወርዶ ግሮሰሪ የሚከፍተው ነጋዴ፣ ከወልድያ ተነስታ ለሥራ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ዱባይ የምትሄደው ወጣት፣ ከኮምቦልቻ ሄዶ በዋሽንግተን አካባቢ ምግብ ቤት ለመክፈት የሚያስበው ሰው፣ ሦስቱም የሚዳኙት በደረሱበት ቦታ ሕግ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የየአገሩን ሕግ በሙሉ መዘርዘር አይደለም። ሕጎች ይሻሻላሉ፤ ዛሬ የተጻፈ ዝርዝር ነገ ሊያሳስት ይችላል። ዓላማው አንድ ሰው በደረሰበት ስፍራ መጠጥ መሸጥ፣ መግዛት፣ መያዝ ወይም መጥመቅ ይፈቀድ እንደሆነ በምን ቅደም ተከተል ማጣራት እንዳለበት ማሳየት ነው። ለማሳያነት የተመረጡት አገሮች የወሎ ሰው በብዛት የሚሄድባቸውና በዘመድ አዝማድ በኩል ስማቸውን በየዕለቱ የሚሰማባቸው ናቸው።

በመጀመሪያ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ይለዩ

ማንኛውም ማጣራት የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ በዚህ አገር የመጠጥ ሽያጭን የሚወስነው ማዕከላዊው መንግሥት ነው፣ ክልሉ ነው ወይስ ከተማው? በአንዳንድ አገሮች ሕጉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው፤ ሳዑዲ ዓረቢያና ኩዌት የዚህ ምሳሌ ናቸው። ሥልጣን በተከፋፈለባቸው አገሮች ደግሞ የአንድ ወንዝ ወይም የአንድ አስፋልት ወዲህና ወዲያ ሁለት ሕግ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ሕንድና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በዚህ ወገን ይመደባሉ። በእነዚህ አገሮች «እዚያ አገር መጠጥ ይፈቀዳል» ወይም «እዚያ አገር መጠጥ ክልክል ነው» ብሎ በጥቅሉ የሚናገር ሰው፣ ምንም ያህል ዓመት እዚያ የኖረ ቢሆን፣ የሚያውቀው የኖረበትን ከተማ ብቻ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል።

የእኛም አገር ሥልጣን የተከፋፈለበት ነው። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ለፌዴራሉ መንግሥት በተለይ ወይም ለፌዴራሉና ለክልሎች በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልሎች እንዲሆን ደንግጓል። በመጠጥ ጉዳይ ይህ ክፍፍል በሦስት ደረጃ ይታያል። ከላይ የፌዴራሉ አዋጅ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያ ማስተላለፍንም አስቁሟል። ይህ ዕድሜ በደሴም፣ በሰመራም፣ በጅማም ያው ነው፤ ማንኛውም ክልል ወይም ከተማ ዝቅ ሊያደርገው አይችልም። ቢራና ሌሎች የአልኮል መጠጦች የሚሸከሙት የኤክሳይዝ ታክስም በፌዴራል አዋጅ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የሚገዛ ስለሆነ፣ የኮምቦልቻው ፋብሪካ የሚጠምቀው ቢራ የታክሱ መሠረት እዚያው ኮምቦልቻ ሲሸጥም ሆነ ወደ ሌላ ክልል ሲጫን አይለወጥም።

ከዚህ በታች የንግድ ፈቃድ ይመጣል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ለመላ አገሪቱ የወጣ ቢሆንም፣ መጠጥ ቤት ለመክፈት የሚያስበው ሰው ፈቃዱን የሚጠይቀው ከሚሠራበት ክልል የንግድ መሥሪያ ቤት፣ በተግባርም ከከተማው ወይም ከወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። የቤቱን ንጽሕናና የውኃውን አቅርቦት የሚመለከቱት በየክልሉ ያሉ የጤና ነክ ተቆጣጣሪዎች ናቸው። ሦስተኛው ደረጃ ከተማው ነው፤ የመዝጊያ ሰዓት፣ የሙዚቃ ድምፅ፣ ከትምህርት ቤትና ከአምልኮ ስፍራ መራቅን የሚመለከት ጉዳይ ሲነሳ ባለጉዳዩ መጠየቅ ያለበት ይህንኑ የአካባቢ አስተዳደር ነው።

ከደሴ ተነስቶ በኮምቦልቻ፣ በሐርቡና በከሚሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ የአማራ ክልልን፣ በውስጡም የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደርን፣ ቀጥሎ የኦሮሚያ ክልልን አቋርጦ የራሱ አስተዳደር ያለው ከተማ ይደርሳል። መንገደኛው ለውጡ አይሰማው ይሆናል፤ በዚያው መንገድ ላይ ቢራ የሚያከፋፍል ነጋዴ ግን ዕቃውን በሚያወርድበት በእያንዳንዱ ከተማ ማን ፈቃድ እንደሚሰጥና ማን እንደሚቆጣጠር ሊያውቅ ይገባል።

በአገር ቤት ለሚሸጥ ሰው

ግሮሰሪ፣ ቡና ቤት፣ ጠጅ ቤት ወይም የመጠጥ ማከፋፈያ ለመክፈት የሚያስቡ ከሆነ ቤት ከመከራየትዎ በፊት ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ይሂዱ። ይህን ቅደም ተከተል አጥብቄ የምመክረው፣ ብዙ ሰው ቀብድ ከፍሎና ቤቱን አሳድሶ ካበቃ በኋላ ቦታው ለመጠጥ ሽያጭ የማይፈቀድ መሆኑን ስለሚሰማ ነው። ጥያቄዎ «መጠጥ መሸጥ ይቻላል ወይ» በሚል ጥቅል መልክ መቅረብ የለበትም። በጅምላ ማከፋፈል፣ በችርቻሮ በጠርሙስ መሸጥና እዚያው አስቀምጦ ማስተናገድ የተለያዩ የሥራ ዓይነቶች ስለሆኑ፣ የትኛውን እንደሚሠሩ፣ በየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ቤት እንደሆነ ለይተው ይግለጹና ፈቃዱ በየትኛው የሥራ መደብ እንደሚወጣ ይጠይቁ። ለምግብ ቤት የተሰጠ ፈቃድ የጅምላ ማከፋፈያን አይሸፍንም።

በሌላ ክልል ተጨማሪ ቤት የሚከፍት ነጋዴ የደሴው ወረቀት በራሱ ይበቃኛል ብሎ መጓዝ የለበትም። ቅርንጫፉን ማስመዝገብና በሚከፍትበት ቦታ ያለውን የንግድ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይኖርበታል። ፈቃዱ በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑንም መርሳት አይገባም፤ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ሲሆን፣ የመጨረሻውን ሳምንት መጠበቅ ሰልፍና ውጣ ውረድ ከማብዛት በስተቀር ጥቅም የለውም።

ከሕግ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር ስላለ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በወሎ ብዙ ጉዳይ በሽማግሌና በቅሬ፣ ማለትም በመንደር ዕድር፣ ይያዛል። የአንድ መንደር የቅሬ አባላት በለቅሶ ቤት መጠጥ እንዳይቀርብ ወይም በሰፈራቸው አረቄ እንዳይሸጥ ሊስማሙ ይችላሉ፤ በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም መጠጥ ቤቱን ቀደም ብሎ የሚዘጋ ባለቤትም አለ። ይህን ስምምነት የሚያከብር ሰው የጎረቤቶቹን ክብር ያገኛል፤ እኔም ቢያከብረው እመርጣለሁ። ነገር ግን የቅሬ ደንብ የመንግሥትን ፈቃድ አይተካም፣ የመንግሥት ፈቃድም የጎረቤትን ቅሬታ አያስቀርም። ከባቲ አልፎ ወደ አፋር የሚወርድ ነጋዴ ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ ይጠይቅ፤ ሕጉን ከጽሕፈት ቤቱ፣ ልማዱን ከአገሬው ሽማግሌ። የአንዱን መልስ ለሌላው ጥያቄ ማዋል ለጠብም ለቅጣትም ይዳርጋል።

የዕድሜው ጉዳይ በተግባር ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋ ነው። ድሮ 18 ዓመት ይበቃ እንደነበር የሚያስታውስ አስተናጋጅ የ19 ዓመት ተማሪን ያለ ጥርጣሬ ያስተናግዳል። የመጠጥ ቤት ባለቤት አስተናጋጆቹን ሲቀጥር 21 ዓመት ያልሞላው ሰው እንደማይስተናገድና ጥርጣሬ ሲኖር መታወቂያ እንደሚጠየቅ በግልጽ ሊነግራቸው ይገባል። ልጅን ወደ ግሮሰሪ ልኮ ቢራ ማስመጣትም የቆየ ልማድ ነው፤ ለልጁ የሚሸጠው ሰው አዋጁን የሚተላለፍ ስለሆነ አባትም ሆነ ጎረቤት ልጅ ባይልክ ይሻላል።

ወደ ዓረብ አገሮች ለሚሄድ ሰው

ከወሎ ገጠርና ከተማ ብዙ ወጣቶች ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ስለሚሄዱ፣ ይህ ክፍል ከሌሎቹ ይልቅ ሰፋ ብሎ ሊጻፍ ይገባዋል። «ዓረብ አገር» የሚለው አጠራር እነዚህን አገሮች በአንድ ላይ ስለሚጠቀልል፣ ሕጋቸውም አንድ ይመስላል። አንድ አይደለም።

በሳዑዲ ዓረቢያ የአልኮል መጠጥ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው። መሸጥ፣ መጠጣት፣ መጥመቅና ወደ አገሩ ማስገባት ሁሉም ወንጀል ሲሆን፣ ለውጭ አገር ዜጋ የቅጣቱ መጨረሻ እስራትና ከአገር መባረር ሊሆን ይችላል። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሪያድ አንድ የመጠጥ መደብር መከፈቱ በዓለም ዙሪያ ስለተወራ፣ ክልከላው የተነሳ የመሰላቸው ሰዎች አሉ። ያ መደብር የተከፈተው ሙስሊም ላልሆኑ ዲፕሎማቶች ነው፤ ለቤት ሠራተኛ፣ ለሾፌር ወይም ለግንባታ ሠራተኛ ምንም የለወጠው ነገር የለም። ኩዌትም እንዲሁ ሽያጩን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች።

በእነዚህ አገሮች የሚያሳስበኝ ከሁሉ በላይ በቤት ውስጥ የሚጠመቀው መጠጥ ነው። ወሎ ውስጥ አንዲት እናት ጠላ ጠምቃ ወይም አረቄ አውጥታ ልጆቿን ብታሳድግ የሚነቅፋት የለም፤ ሙያዋ የሚከበርና ቤት የሚያቆም ነው። ይህን ሙያ ይዛ የሄደች ልጅ በሳዑዲ ለአገሯ ልጆች በትንሹ ጠምቃ ብትሸጥ ግን በዚያ አገር ሕግ ፊት አምራችም አከፋፋይም ሆና ነው የምትቀርበው። ከሕጉ ሌላ የሕይወት አደጋም አለ። ሕጋዊ ገበያ በሌለበት አገር ከማን እጅ እንደወጣ የማይታወቅ መጠጥ ይዘዋወራል፤ ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል የተቀላቀለበትን መጠጥ የጠጣ ሰው ዓይኑን ያጣል፣ ይሞታልም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በኩዌት በእንዲህ ያለ መጠጥ 23 ሰዎች መሞታቸውን የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር አስታውቋል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ እስያውያን ሠራተኞች ነበሩ፤ አደጋው ግን ዜግነት አይመርጥም። ዘመድ አዝማድ ተጓዥን ሲመክር ይህን ከማንኛውም ነገር አስቀድሞ ቢናገር መልካም ነው።

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሌላ መልክ አላት። ሰባት ኤምሬቶች ያሉባት ፌዴሬሽን ስትሆን፣ የመጠጥን ፈቃድና ክልከላ እያንዳንዱ ኤምሬት ይወስናል። በዱባይ ፈቃድ ባላቸው ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና መደብሮች ይሸጣል፤ ገዢው 21 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ኤምሬቱ በመጠጥ ላይ የሚጥለውን የ30 በመቶ ታክስ በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልሷል፤ ይህም በሁለት ዓመት ውስጥ እንኳ ደንብ ሊለዋወጥ እንደሚችል ያሳያል። አቡ ዳቢ በ2020 እ.ኤ.አ. ገዢዎች የግል ፈቃድ እንዲይዙ የሚያስገድደውን ሥርዓት አስቀርታለች። ሻርጃ ግን የመጠጥ ሽያጭን ከልክላለች፤ ሆቴሎቿም አይሸጡም።

ዱባይና ሻርጃ የተያያዙ ከተሞች ናቸው። የቤት ኪራይ በሻርጃ ስለሚቀንስ ዱባይ እየሠራ ሻርጃ የሚያድር ሠራተኛ ብዙ ነው። እንግዲህ ዱባይ ውስጥ ከተፈቀደለት መደብር በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ጠርሙስ በመኪና ተጭኖ ሻርጃ ሲገባ የተከለከለ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ደረሰኙ ያንን አያስቀረውም። በሻርጃ የሚያድር ሰው ጠርሙስ ይዞ እንዳይገባ፣ ታክሲ የሚያሽከረክርም ተሳፋሪው ምን እንደያዘ እንዲያስተውል እመክራለሁ። በዱባይም ቢሆን በመንገድ ወይም በባሕር ዳርቻ መጠጣትና ሰክሮ በአደባባይ መታየት ያስቀጣል፤ ጠጥቶ ለሚያሽከረክር ሰውም «ትንሽ ነው» የሚባል መጠን የለም።

ኳታር በመካከል ትገኛለች። ፈቃድ ያላቸው ሆቴሎች ይሸጣሉ፤ በጠርሙስ ለመግዛት ሙስሊም ያልሆነ ነዋሪ ልዩ ፈቃድ ይዞ ወደተወሰነ መደብር መሄድ ይኖርበታል። ከውጭ ይዞ መግባት ግን ለማንም መንገደኛ አይፈቀድም፤ ጉምሩክ ይወስደዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው በስታዲየሞቹ ዙሪያ የቢራ ሽያጭ መታገዱ፣ ቀድሞ የተነገረ ፈቃድ እንኳ በአንድ ውሳኔ ሊቀር እንደሚችል አሳይቷል። በባሕሬን ፈቃድ ባላቸው ቦታዎች መጠጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሕሬንን ከሳዑዲ ጋር የሚያገናኘውን ድልድይ የሚሻገር ሰው ወደ ሳዑዲ በኩል አንዲት ጠብታ ይዞ ማለፍ አይችልም። ሊባኖስ ከእነዚህ ሁሉ የተለየች ናት፤ መጠጥ በተራ ሱቅ በግልጽ ይሸጣል። ቤይሩት የኖረች እህት ወደ ኩዌት ለምትሄድ ታናሽ እህቷ የምትሰጠው ምክር በዚህ ጉዳይ ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው።

በአሜሪካ ሦስት ሕግ በአንድ ሰፈር

በአሜሪካ በ1933 እ.ኤ.አ. የጸደቀው 21ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አገር አቀፉን የመጠጥ ክልከላ ሲያነሳ ጉዳዩን ለየግዛቱ ተወው። ሁሉም ግዛቶች የሚጋሩት የ21 ዓመት የዕድሜ ገደብን ነው፤ ይህም የሆነው በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ዕድሜውን ዝቅ ለሚያደርግ ግዛት የሚሰጠው የመንገድ በጀት እንዲቀነስ ስላደረገ ነው። ከዕድሜው ሌላ ያለው ሁሉ ይለያያል።

ልዩነቱን ለመረዳት ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢ ጥሩ ማሳያ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ውስጥ ግለሰብ ነጋዴ ፈቃድ አውጥቶ ውስኪ፣ ቢራና ወይን በአንድ መደብር ይሸጣል። ወደ ሰሜን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባ ሰው በሜሪላንድ ግዛት ሞንትጎመሪ ካውንቲ (ካውንቲ በግዛቱ ሥር ያለ የአካባቢ አስተዳደር ነው) ውስጥ ነው። እዚያ ጠንካራ መጠጥ በጠርሙስ የሚሸጠው የካውንቲው መንግሥት ራሱ ባቋቋማቸው መደብሮች ነው፤ ምግብ ቤቶችም መጠጣቸውን በጅምላ የሚገዙት ከዚያው መሥሪያ ቤት ነው። አብዛኞቹ ትልልቅ የምግብ መደብሮች በሜሪላንድ ቢራና ወይን አይሸጡም። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ወደ አሌክሳንድሪያ ሲኬድ ደግሞ ቨርጂኒያ ነው፤ እዚያ ጠንካራ መጠጥ የሚሸጠው የግዛቱ መንግሥት መደብር ሲሆን፣ ቢራና ወይን በማንኛውም የምግብ መደብር ይገኛል። ቨርጂኒያ ጠንካራ መጠጥ የሚያቀርብ ቤት በእርግጥ ምግብ የሚሸጥ ምግብ ቤት እንዲሆንም ትጠይቃለች።

ስለዚህ ዲሲ ውስጥ መጠጥ መደብር ያለው ዘመድ «እኔ እንዲህ አድርጌ ከፈትኩ» ብሎ ለሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድሙ የሚሰጠው ምክር በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም አይሠራም፤ በዲሲ የሚፈቀደው ንግድ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ለግለሰብ ክፍት አይደለምና። በዚህ አካባቢ ምግብ ቤት ለመክፈት የሚያስብ ሰው የኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት ቤቱ በየትኛው ግዛትና በየትኛው ካውንቲ እንደሚገኝ ያረጋግጥ፤ ከዚያም የዚያኑ ስፍራ የመጠጥ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠይቅ።

ጠጅን በተመለከተ የሚነሳው ጥያቄ ተደጋጋሚ ስለሆነ ለብቻው ላንሳው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አንድ አዋቂ ሰው ለቤቱ ፍጆታ በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ማለትም 378 ሊትር ገደማ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ባሉበት ቤት ደግሞ እስከ 200 ጋሎን ወይን ወይም ቢራ ያለ ታክስ እንዲጠምቅ ይፈቅዳል፤ የማር ወይን የሚባለው ጠጅም በዚህ ውስጥ ይታያል። መሸጥ ግን አይፈቀድም። ለልጅ ክርስትና ጠጅ መጣልና ያንኑ ጠጅ በገንዘብ ማቅረብ በሕጉ ፊት ሁለት ነገሮች ናቸው። አረቄ ማውጣት ከዚህም የባሰ ነው፤ ያለ ፌዴራል ፈቃድ በቤት ውስጥ ማውጣት ለራስ ፍጆታ ቢሆንም ይከለከላል። የማውጫ ዕቃ ገጥሞ አረቄ ለማውጣት የሚያስብ ዘመድ ካለ ይህን ይንገሩት።

በሌሎች ግዛቶች ልዩነቱ በቀንና በሰዓት ይታያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሚኒሶታ የመጠጥ መደብሮች እሑድ መክፈት የተፈቀደላቸው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። በቴክሳስ የጠንካራ መጠጥ መደብሮች አሁንም እሑድ ዝግ ናቸው። በቴነሲ የሚገኘው ሙር ካውንቲ በዓለም የታወቀ ውስኪ የሚመረትበት ስፍራ ሆኖ ሳለ ሽያጭን በመከልከል የሚታወቅ ካውንቲ መሆኑ፣ ማምረትና መሸጥ በየራሳቸው ሕግ የሚታዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ያስረዳል።

ስለ ሌሎች አገሮች በአጭሩ

በካናዳ ወሳኙ ክፍለ ግዛቱ ነው። በአልበርታ፣ በማኒቶባና በኩቤክ 18 ዓመት የሞላው ሰው ይገዛል፤ በኦንታርዮና በሌሎቹ 19 ዓመት ያስፈልጋል። አልበርታ የመጠጥ ችርቻሮን በ1993 እ.ኤ.አ. ለግል ነጋዴዎች አስተላልፋለች፤ ስለዚህ በካልጋሪ የመጠጥ መደብር መክፈት የሚችል ሰው በቶሮንቶ ያንኑ ሥራ በዚያው መልክ ማከናወን አይችልም። በስዊድን ከ3.5 በመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ በጠርሙስ የሚሸጠው በአብዛኛው በመንግሥት መደብር ሲሆን፣ ገዢው 20 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ በመጠጥ ቤት ግን 18 ዓመት ይበቃል። በሕንድ ጉጃራትና ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢሃር ሽያጩን ሲከለክሉ ጎረቤቶቻቸው ይፈቅዳሉ፤ ለትምህርት ወይም ለሕክምና ወደዚያ የሚሄድ ሰው ይህን ይወቅ።

መረጃ ከማን ይወሰዳል

ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ የሚቀሩት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ማን ለመሸጥ ይፈቀድለታል፣ ለማን መሸጥ ይከለከላል፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት ነው፣ የአልኮሉ ጥንካሬ ልዩነት ያመጣል ወይ፣ ከተገዛ በኋላ የት ይጠጣል፣ ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው መውሰድስ ይቻላል? የመጨረሻው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ የሻርጃው ምሳሌ እንደሚያሳየው ግን ሰውን ለችግር የሚዳርገው እሱ ነው።

መልሱን ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት መውሰድ ከሁሉ ይሻላል። የደላላ ቃል በዚህ ጉዳይ ላይ ማስረጃ አይደለም፤ ደላላው ሰውየው ተቀጥሮ እንዲሄድ እንጂ ደርሶ ምን እንደሚገጥመው አያስጨንቀውም። በሕጋዊ ኤጀንሲ በኩል የሚሄዱ ሠራተኞች ከጉዞ በፊት በሚሰጣቸው ገለጻ ላይ የመጠጥን ሕግ በስሙ ጠርተው ይጠይቁ፤ ገለጻ ሰጪው ካላነሳው የሚያነሳው እነሱ ናቸው። ከደረሱ በኋላ ችግር ቢገጥማቸው የሚያመለክቱበትን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስልክ በስልካቸው ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ጽፈው ይያዙ፤ ሰው ሲያዝ አስቀድሞ የሚወሰደው ስልኩ ነውና። በመጠጥ ጉዳይ ተይዞ ቋንቋውን የማይችል ሰው ያልተረዳውን ጽሑፍ ከመፈረሙ በፊት አስተርጓሚ ይጠይቅ።

ስንቅ ለሚልክ ቤተሰብ

የወሎ ቤተሰብ መንገደኛ ሲያገኝ በሶ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጭኮ ያስይዛል፤ አንዳንዱ ለናፍቆት ብሎ በፕላስቲክ ጠርሙስ አረቄ ወይም ጠጅ ይጨምራል። መድረሻው ሳዑዲ፣ ኩዌት ወይም ኳታር ከሆነ ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ወደ አሜሪካ የሚሄድ 21 ዓመት የሞላው መንገደኛ አንድ ሊትር ያለ ቀረጥ ይዞ መግባት ቢችልም፣ አልኮሉ ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነ መጠጥ በአውሮፕላን የሚጫነው በፋብሪካ እንደታሸገ ሳይከፈት ሲሆን፣ ለአንድ ሰው ከ5 ሊትር መብለጥ የለበትም፤ ከ70 በመቶ በላይ የሆነውን መጫን አይቻልም። ቤት ውስጥ ወጥቶ በውኃ ጠርሙስ የተሞላ አረቄ ይህን መሥፈርት አያሟላም። ጉዳዩ ስለ መጠጥ ቢሆንም ጫትንም እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ይላል፤ በአገራችን በግልጽ የሚሸጠው ጫት በሳዑዲ፣ በኤምሬቶችም ሆነ በአሜሪካ የተከለከለ ዕፅ ሆኖ ስለሚታይ፣ ደርቆ እንደ ሻይ ቅጠል ቢታሸግም ከመጠጥ የከፋ ቅጣት ያስከትላል። ስንቅ የሚሸከመው ሰው ከረጢቱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነገር በዓይኑ አይቶ እንዲቀበል ላኪዎቹ ራሳቸው ሊፈቱለት ይገባል፤ በጉምሩክ ፊት የሚጠየቀው ሻንጣውን የያዘው መንገደኛ ነው።